ከውጭ የመጣ ኮት

እማዬ፣ ክሩን መርፌው ላይ ላስገባልሽ? ዓይንሽን አታድክሚ። ዛሬ ብርሃኑም ደስ ይላል... ለኮት ቁልፍ የሚመች ቀን ነው።

ኮት ሲባል ያ የቅዳሜው ፕሮግራም ትዝ አለኝ። ተሳስቼ ይሆናል፤ አንቺ ታርሚኛለሽ። እኔ ሳልወለድ የጀመረ ፕሮግራም ለምን እንደማይሰለችሽ የገባኝ ገና አሁን ነው። አዘጋጁ መጨረሻ ላይ ሁሌ ያችኑ ይጠይቃል፤ «ለዚህ ያበቃህ ማነው?» ስንቱ ዘፋኝ፣ ስንቱ ኳስ ተጫዋች «እናቴ፣ አክስቴ፣ ጎረቤቴ» እያለ አለቀሰ! አንቺም አብረሽ። የስፌት መኪናሽን የምታቆሚው ለዚያች ደቂቃ ብቻ አይደል?

ባለፈው የቀረበው እንግዳ ግን ከሁሉም ይለያል። ቁጥብ ነው! አንቺ ጎረቤቱን ጠርተሽ፣ ወንበር ተውሰሽ... ስንት ዓመት የሰው ምስጋና ስትሰሚ ኖረሽ፣ ያን ቀን ተራው ደርሶ... «እኔ ሰው የለኝም፤ ራሴን በራሴ አሳደግኩ» አለ። እንዴት ያለ ጀግና ነው! በአራት ዓመቱ ገላውን ማን አጠበው? ራሱ። ዩኒፎርሙን ማን ሰፋለት? እሱንም ራሱ ይሆናል እንግዲህ... ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይላሉ፤ እሱ ግን ጠጠር እንኳ አልወረወረም። ጨዋ ነው።

አጎቴ፣ ሻይ ይጨመርልህ? ተጫወት፣ ስለ ቴሌቪዥን ነው የምናወራው።

በእግርሽ አትጎሽሚኝ እንጂ እማዬ፣ ምን አልኩ? ኮቱን እኮ ረሳሁት! አዘጋጁ «ይህን የመሰለ ኮት ማን ሰፋልህ?» ሲለው «ከውጭ ነው» አለ። ምን ዋሸ? መኪናሽ ያለው በረንዳ ላይ፣ በረንዳው ደግሞ ውጭ! ያ የውጭ ሰፊ ሩቅ ሆነና ነው እንጂ፣ ቁልፉ ሲወልቅ ወዳንቺ ባላመጣው ነበር...

መቼም ታውቂኛለሽ፣ ራሴንም አላምን። ሰው በከንቱ እንዳላማ ብዬ ድጋሚውን ቁጭ ብዬ አየሁት። «ሰው የለኝም» ብሎ ክንዱን ሲዘረጋ፣ ብብቱ ሥር ነጭ ክር ይታያል። ስፌቱ እስኪያልቅ ለጊዜው የወጋሽው፣ «ቶሎ በይ፣ ረፈደብኝ» ብሎ ሳታወጪው የወሰደው። ይኸው፣ አሁን በመቀስ የያዝሽው እሱ ነው።

ታዲያ አንመርቀውም? ሰው የለኝም ካለ ያሳዝናል። እግዜር እንዳንቺ ያለች አንዲት እህት ይስጠው።

አሜን በል እንጂ፣ አጎቴ!