ከአማቼ ጋር እኩል ያስነጠስኩ ቀን
ቁይ ከተማ አጠገብ፣ ጤፍ በሚወቃበት ሰሞን፣ ለምወዳት ልጅ ሽማግሌ ልኬ አላስችል ቢለኝ ራሴም ተከትዬ ሄድኩ። የአውድማው ብናኝ ሲነሳ እኔና አባቷ እኩል ማስነጠስ ጀመርን። ሰውየው ደነገጡ። «ጤፍ እንዲህ የሚያደርገው የእኛን ዘር ብቻ ነው! ይሄ ዘመዴ ነው፤ ሰባት ቤት ይቆጠር!»

ልጅቷ ልታመልጠኝ ነው! ባዮሎጂ አስተማሪ አይደለሁ? «አባባ፣ የአለርጂውን አንቲቦዲ የሚሠራው ጂን ሁሉም ሰው ላይ አለ፤ ከሰው ሰው ግን ትንሽ ይለያያል። ሰውነትም የጂኑን መልእክት ቆራርጦ በተለያየ መንገድ መልሶ ይገጣጥመዋል፤ ስለዚህ ባዳም ከባዳ ጋር ሊያስነጥስ ይችላል። እኩል ስላስነጠስን ብቻ ዘመድ አንሆንም!» ብዬ በሳይንስ ረታኋቸው።

«ወደ ልጅስ ይተላለፋል?»

«ሊተላለፍ ይችላል» አልኩ፤ ምላሴን በቆረጠው!

«እንግዲያ ዘመዴም አይደለህ፣ አማቼም አትሆን። የልጅ ልጆቼ ሁሉ ሲያስነጥሱ ጤፌን ማን ሊወቃልኝ ነው?»