ሌባ የሚይዝ እጅጌ

የመታወቂያዬን ግልባጭ ላስነሳ ፎቶ ኮፒ ቤት ስገባ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ኮታቸውን እንደ ድንኳን ማሽኑ ላይ ዘርግተው አገኘኋቸው። ሠራተኛዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች።

"አባባ፣ ሳላየው እንዴት አድርጌ ነው የማባዛልዎ?"

"ቁልፉን ንኪው እንጂ ወረቀቱን አትይው! ቁልፍ ለመንካት ዐይን ምን ያደርጋል?"

ለእኔ መቼም ቀድሞ የሚታየኝ ክፉ ክፉው ነው። የሐኪም ወረቀት ነው፣ አለዚያም የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው ብዬ ተጠጋኋቸው። "ጋሼ፣ ምን ገጠመዎት? ማን ታመመ?" ስላቸው ደንግጠው ወረቀታቸውን ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡ። "አንቺ ነሽ እንዴ? እኔማ ሌባ መሰልሽኝ" አሉኝ። ከመውጣታችን በፊት የተበላሸችውን ቅጂ ከቅርጫቱ አንሥተው፣ ቀዳድደው፣ ብጣሹን ኪሳቸው ከተቱ።

መንገድ ላይ ግራ ቀኙን እየገላመጡ ነገሩን አጫወቱኝ። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ናቸው። አሁን ግን የመርፌ ቀዳዳ አልታይ ብሏቸው ሱቁን ሊዘጉት ነው። ሙያ ሊማሩ የመጡት ወጣቶች ሁሉ ቁልፍ መትከል እንደቻሉ እየበረሩ ሄደውባቸዋል። ስለዚህ የሚያውቁትን የልብስ አቆራረጥ በመጽሐፍ አስፍረው በራሳቸው ወጪ ሊያሳትሙ አስበዋል። የቀረችው የዐይናቸው ብርሃን ሳትከዳቸው ካልታተመ፣ አርሞ የሚያወጣው ሌላ ሰው የለም።

"ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?" አልኳቸው።

"ለማን ሰጥቼ ላሳትመው? ለእኔ አንድ ክምር ያትሙልኝና ሁለት ክምር በጓሮ በር ይሸጣሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፣ እቴ!"

እኔም ልጆቼን ያሳደግኩት በዚሁ አባባል ነውና ራሴን ነቀነቅኩ። ወዲያው ግን ልጄ ትዝ አለችኝ። ልጄ ማተሚያ ቤት ተቀጥራ የመጽሐፍ ገጽ ታሰናዳለች። እሷ እጅ ገብቶ ቢሰረቅ ማን ሊጠረጠር ነው? ሥጋ ዘመድ በወረቀት ተጣላ ሊባል ነው። ከነገሩ ጦም እደሩ ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ፤ ምላሴ ቀደመኝና "ልጄ ዛሬ ቤት ናት፣ ለምን አይጠይቋትም?" አልኩ።

ቤት ስንደርስ ልጄ ተነሥታ ተቀበለቻቸው። ጋሼ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ከብብታቸው አላላቀቁም።

"መጀመሪያ እስቲ ንገሪኝ። ከእናንተ ቤት የተሰረቀ መጽሐፍ አለ?"

"እኔ ከገባሁ ወዲህ አልሰማሁም፣ ጋሼ። አይሰረቅም ግን አልልዎትም።"

"አየሽ!" አሉ ወደ እኔ ዞረው። "በገዛ አፏ!"

"በእርስዎስ ሙያ የደንበኛ ጨርቅ ቆርጦ የሚያስቀር የለም?"

"ሞልቷል።"

"ታዲያ በዚህ ምክንያት ሰው ራቁቱን ሄደ?"

እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ እሳቸው ግን ፊታቸው አልተፈታም። ልጄም ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች። "የጻፉት ቃልና የሳሉት ሥዕል ወረቀት ላይ ከሰፈረበት ጊዜ ጀምሮ የእርስዎ ነው። የቅጂ መብት የሚባለው እሱ ነው። ያለ ፈቃድዎ አባዝቶ የሚሸጥ ሰው ይጠየቃል። ለማስረጃ እንዲሆንዎ ረቂቁን ከነቀኑ ያስቀምጡ፤ መብት በሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት አንድ ቅጂ ያስመዝግቡ፤ ከማተሚያ ቤቱም ጋር ስንት እንደሚታተም፣ ፋይሉም ማን ዘንድ እንደሚቀር በጽሑፍ ይዋዋሉ።"

"መሥሪያ ቤት! የሚመዘግበው ሰው አንብቦ ለሚስቱ ወንድም ቢሰጠውስ?"

"መዝገቡ ራሱ ይመሰክርበታላ።"

እውነቱን ለመናገር፣ የሚስቱ ወንድም ለእኔም ታይቶኝ ነበር። እኔ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሻለሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም። ያላወቁት ነገር ደግሞ ሁሌም ጨለማ ነው፤ በጨለማ ውስጥ ያለ ሁሉ ሌባ ይመስላል።

ጋሼ በመጨረሻ ስለ ሴት ሸሚዝ የሚያስረዳውን ምዕራፍ ብቻ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "እንኪ፣ ለሙከራ ይህን ተይቢ። የሚሆነውን አያለሁ" አሉ ፈገግ ብለው። ፈገግታው አላማረኝም።

ልጄ ተይባ ስትጨርስ እኔ ምዕራፉን ከፍቼ፣ ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩትን ሰማያዊ ጨርቅ ዘረጋሁና ለእሷ ሸሚዝ ቆረጥኩ። እንደተጻፈው ለካሁ፣ እንደተጻፈው ሰፋሁ። ለብሳ እጇን ላንሣ ስትል ክንፉን እንደታሰረ ዶሮ ሆነች። ብብቱ ይዟት ክንዷ ከትከሻዋ በላይ አልሄድ አለ። ልጄ ስትተይብ ተሳስታ ይሆናል ብዬ ከእጅ ጽሑፉ ጋር አስተያየሁት፤ አንድ ነው። ያኔ የባሰው መጣብኝ፤ ጋሼ አእምሯቸውን ታመዋል ማለት ነው ብዬ ብቻዬን አለቀስኩ።

በሳምንቱ ሲመጡ ሸሚዙን እያፈርኩ አሳየኋቸው። በጭብጨባ ሊያደነቁሩኝ ነበር።

"ይሠራል! ወጥመዴ ይሠራል!"

"የምን ወጥመድ?"

"የብብቱን ልክ ሆን ብዬ ነው ያጠበብኩት። በየምዕራፉ አንድ የተሳሳተ ልክ ደብቄያለሁ። ስሕተቴን ሳያውቅ አብሮ ሰርቆ ያሳተመውን ሰው በእጅጌው እይዘዋለሁ!"

ልጄ ሸሚዙን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አኖረች። "ጋሼ፣ እስካሁን የተያዘው ሌባ የታለ? የተያዘችው እማ ናት። የእርስዎን ቃል አምና ጨርቋን የቆረጠች።"

"ለማተሚያው ትክክለኛውን እሰጣለኋ።"

"ትክክለኛው የት ተጽፏል?"

"እዚህ" አሉ ግንባራቸውን ጠቁመው።

"እንግዲያው አሁን ያርሙልኝ፣ እኔ እጽፋለሁ።"

ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። የሸሚዙን ብብት ወዲያው አረሙ። ወደ ሱሪው ሲሻገሩ ዘገዩ። አንዱን ልክ ጠቆሙ፣ መልሰው ተዉት። "ይሄ ነው... አይ፣ ይሄስ ልክ ነው... ወይስ ጉልበቱን ነበር?" ገጹን ገለበጡ፣ መለሱ። ከሌባ የደበቁትን ከራሳቸውም ደብቀውታል። የዕድሜ ልክ ሙያ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ በባለቤቱ ዐይን ፊት ሲጠፋ አየሁ።

ልጄ አልሳቀችባቸውም። ለዚህ ዛሬም አመሰግናታለሁ። "ሱቅዎ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት የካኪ ወረቀት ልኮች አሉ አይደል? የሚቆርጡት በእነሱ ነው። ከእነሱ ጋር እያስተያየን እናርመዋለን" አለቻቸው።

"አዎን፣ እነሱ አይዋሹም" አሉ ትንፋሻቸው መለስ ብሎ። ከዚያ ግን ቅንድባቸውን ሰበሰቡ። "ካረምኩትማ እኮ ማንም አንብቦ እንደ እኔ ሊቆርጥ ነው!"

"አዎ፣ ይቁረጥ እንጂ! የእርስዎ የሆነው ቃሉና ሥዕሉ ነው፤ አቆራረጡ የማንም ነው። የአቆራረጥ ዘዴ በቅጂ መብት አይታጠርም። እርስዎስ ከማን ተማሩት?"

"ሙያውን ካስተማሩኝ ጌታዬ ነዋ።"

"ዘዴው የሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚከሰሰው ማን ነበር?"

ጋሼ ጢማቸውን አሻሹ። "ይቺ ልጅ ጠበቃ መሆን ነበረባት" አሉኝ፣ እንደ ስድብ አድርገው። ከዚያ ለማስታረቅ ያህል የሽፋኑን ንድፍ ከኮታቸው አወጡ። "ይሄን እንኳ ተይልኝ፣ ደስ ይበልሽ።"

መሀሉ ላይ የአንድ ታዋቂ የስፌት መኪና ፋብሪካ አርማ ተለጥፏል። ዙሪያውን ከባሕር ማዶ መጽሔት የተቆረጡ ቀሚስ የለበሱ ሴቶች አሉ።

"ሥዕሎቹ የማን ናቸው?" አለች ልጄ።

"የእኔ ናቸዋ። መጽሔቱ የተጣለ ነው፣ እኔ ነኝ ያነሣሁት።"

"ያነሡት ወረቀቱን ነው። ሥዕሉን የሳለው ሰው መብቱን አልጣለም። አርማው ደግሞ የፋብሪካው የንግድ ምልክት ነው። መጽሐፉ ውስጥ መርፌ አቀያየር ሲያስረዱ የመኪናውን ስም ቢጠሩ ሌላ ነገር ነው፤ ሽፋኑ ላይ አርማውን ከለጠፉ ግን ገዢው ፋብሪካው ያሳተመው ይመስለዋል።"

"በስመ አብ! ክስ!" ብዬ ጮኽኩ። ጋሼ አርማውን በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት፤ ልክ ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀታቸውን እንደሸፈኑት።

"የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ" አሉ በመጨረሻ። "ሌባ ስጠብቅ የከረምኩት ለካ ብብቴ ሥር ይዤው ነው።"

"ሌባስ አይባሉም፣ ጋሼ። አላወቁም ነበር፤ ገናም አልታተመም" አለች ልጄ። የኮታቸውን አንገትጌ ቀስ ብላ ገለበጠች። ከሥሩ በሰፉት ልብስ ሁሉ ላይ የሚያኖሯት የተከፈተች መቀስ በቀይ ክር ተጠልፋለች። "ይቺን የት አገኟት?"

"እኔው ነኝ የሳልኳት። ሌሎች ሰፊዎችም አንዳንዴ ይሰርቋታል።"

"እሷን በንግድ ምልክትነት ያስመዝግቧት፣ ሽፋኑ ላይም እሷ ትሁን። የመጽሐፉን ርእስ ብቻውን የእኔ ነው ማለት ብዙ ጊዜ አይቻልም፤ ምልክትዎ ግን ሰው እርስዎን የሚያውቅበት ነው። ዝርዝሩን የሕግ ባለሙያ እንጠይቃለን፤ እኔ የማውቀው ከሥራዬ ያየሁትን ያህል ነው።"

ጋሼ ያን ቀን ወረቀታቸውን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ትተው፣ ባዶ ብብታቸውን ይዘው ሄዱ። ሲራመዱ ቀለል ብሏቸው ነበር፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ከካኪ ወረቀቶቹ ጋር አስተያይቶ ማረሙ ብዙ አደከማቸው፤ ዐይናቸው ግን እስከ መጨረሻው ገጽ አደረሳቸው። ለምዝገባ የሚሆነውን ቅጂ ሊያስነሡ አብሬያቸው ሄድኩ። ሠራተኛዋ ስታያቸው ሳትጠየቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

"ነይ፣ ዙሪ" አሏት። "እያነበብሽ አባዢ። ያልገባሽ ቦታ ካለ ንገሪኝ፣ ሳይታተም አርመዋለሁ።"

አንባቢዬ፣ እኔ ዛሬም መጠርጠር አልተውኩም። ነገር ግን ጥርጣሬም እንደ መቀስ ነው፤ አያያዙን ላላወቀ የራሱን ጣት ይቆርጣል። ጽፎ መደበቅ ከሌባ አያስጥልም፤ አንባቢን ብቻ ያስቀራል። ረቂቁን ከነቀኑ ያስቀመጠ፣ ያስመዘገበ፣ በጽሑፍ የተዋዋለ ሰው ቢሰረቅ እንኳ የሚናገርበት አፍ አለው። የሰውን ሥዕልና የሰውን ምልክት ሳያስፈቅድ ያልነካም መጽሐፉን በገበያ መሀል ቀና ብሎ ይይዛል። ጋሼ ሱቃቸውን ዘግተዋል፤ መጽሐፋቸው ግን በማያውቋቸው ሰፊዎች መኪና ላይ ተከፍቶ ይውላል።

መጀመሪያ የታተመውን ይዘው የመጡ ዕለት በሰላምታ ፈንታ ሸሚዙን አምጪ አሉኝ። ብብቱን ፈትቼ፣ በታረመው ልክ ቁራጭ ጨርቅ ጨምሬ ሰፍቼው ነበር። ልጄ ለብሳው መሀል ቤት ቆመች። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ቀረቧት፤ ስፌቱን ማየት ስለማይችሉ ትከሻዋን በጣታቸው ዳበሱ።

"እጅ ወደ ላይ!" አሉ እንደ ፖሊስ።

ልጄ እየሳቀች ሁለቱንም እጆቿን እስከ ጣሪያው አነሣች። እጅጌው አልያዛትም።