የዘሃራ ድምፅ

እዚህ አረብ አገር፣ ከባጥሐ ሰፈር ወደ ሹመይሲ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ፣ አጠገቤ ልጅ ታቅፋ የተቀመጠችውን ሴት አንዲት የአገሯ ልጅ ጠየቀቻት።

«እህቴ፣ ልጅሽን ምን ነካው?»

«ደሙ ቶሎ አይረጋም። ሲጋጭ ጉልበቱ ያብጣል።»

«የእኔም እንደዚያው ነው። የእናቶቹ የስልክ ግሩፕ ውስጥ ገባሽ?»

«ትናንት ገባሁ። ዘሃራ የምትባለዋ በድምፅ መልእክት ‹በረዶ ያዢበት፣ እንዳታሺው፣ ያላ፣ ቶሎ ወደ ሐኪም› አለችኝ። ሳገኛት አመሰግናታለሁ።»

«ዘሃራ እኮ ረመዳን ላይ ሞተች።»

«ወላሂ? ታዲያ ማን ላከልኝ?»

«እኛ ነን፤ በፊት የቀዳችውን ድምፅ እናስተላልፋለን። ብዙዎቻችን ማንበብ ስለማንችል፣ ሁሉንም በድምፅ ነበር የምታስተምረን። የራሷን ልጅ ቀብራ እንኳን አልተወችንም። አዲስ እናት ስትመጣ አሁንም የምትቀበላት እሷ ናት።»

«አላህ ይዘንላት።»

መዶሻ የያዘውን ቦርሳዬን ከልጁ ጉልበት አጠገብ ቀስ ብዬ ወደ ራሴ ሳብኩት።