የማስታወቂያው የመጨረሻ መስመር

ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር እንደ ልማዳቸው ስምንት ሰዓት ላይ ፌርማታው ጋ ሲደርሱ አንዲት ወጣት መምህርት ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ተጠግታ ታነባለች።

«አባባ፣ ይህን አይተውታል?»

«ትናንት አይቼዋለሁ። ‹ኮረብታው ላይ፣ ሆስፒታሉ በር ያለው ፌርማታ ከመጪው ወር ጀምሮ ይነሣል› ይላል። አለቀ።»

«ታች ያለውንስ?»

አላነበቡትም። ሠላሳ ዓመት መሪ ሲጨብጡ ከአለቃ የመጣ ወረቀት ከላይ ተነቦ ይታጠፋል እንጂ እስከ ታች የሚያነበው ሥራ ፈት ነው ብለው የኖሩ ሰው ናቸው።

«‹ተቃውሞ ያለው ነዋሪ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ተገኝቶም መናገር ይችላል› ይላል።»

«ይህማ ለወጉ ያህል ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እኛም ለወጉ ያህል እንሂድባቸዋ።»

ሽማግሌው ሳያስቡት ፈገግ አሉ። አውቶቡሱ መጣና ጎን ለጎን ተቀመጡ። ወዴት እንደሚሄዱ ስትጠይቃቸው ባለቤታቸው ሆስፒታል ከተኙ ሁለት ዓመት እንዳለፋቸው፣ እጃቸው ስለማይታዘዝላቸው በየቀኑ ሄደው ፀጉራቸውን እንደሚያበጥሩላቸው ነገሯት። ፌርማታው ከተነሣ ያንን ዳገት በዚህ ጉልበት አይወጡትም።

«ታዲያ ዓርብ ይናገሩ።»

«ፖለቲካ አልወድም። ስሠራ ከጀርባዬ ‹ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው› ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ተስማምቶኝ ኖሬአለሁ።»

«አሁን ሾፌር አይደሉም፣ አባባ። ክልከላው ተነሥቶልዎታል።»

«አንደበትሽ ስለት ነው። ለመሆኑ ለምን ይነሣል አሉ?»

«ማክሰኞ ጠዋት ሲቆጥሩ የወረደው ሦስት ሰው ነው አሉ።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ጠዋት? ጠዋት ማን ይወርዳል? ለጠያቂ በሩ የሚከፈተው ከስምንት ሰዓት ተኩል በኋላ እኮ ነው።»

«እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ እነሱም የሚያውቁ አይመስለኝም። የሚያውቁት እርስዎ ዝም ካሉ ማን ይንገራቸው?»

ሽማግሌው ግን፣ «ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት እሷ ጋ የምሆንበት ሰዓት ነው። አንድም ቀን ቀርቼ አላውቅም» አሉ። ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ እንደተያዘ ድምፃቸው ያስታውቅ ነበር።

«እኔ ልሂድላቸው» አለች መምህርቷ። «እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ላበጥርላቸው።»

በዚያ ሳምንት ሽማግሌው ደብተር ይዘው አውቶቡሱ ላይ ተሳፋሪ ሲያነጋግሩ ሰነበቱ። ፌርማታው እንዳይነሣ ስልሳ አንድ ሰው ፈረመላቸው። ዓርብ አዳራሹ ውስጥ ስማቸው ሲጠራ ተነሥተው ቆሙ፤ ያዘጋጁትን ወረቀት ማንበቡን ግን ተዉት።

«የቆጠሩትን ሰዎች አልወቅስም» አሉ። «ሰዓቱን ሳንነግራቸው ቀርተን ነው። ከሰዓት በኋላ መጥታችሁ ቁጠሩ። ሲወርዱ ምርኩዝ የያዙትን፣ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉትን ታያላችሁ። እኔ ደግሞ ማበጠሪያ ይዤ እወርዳለሁ።»

ሰብሳቢው አንገቱን ደፍቶ ጻፈ።

ቅዳሜ ባለቤታቸው ጋ ሲገቡ ፀጉራቸው በግራ በኩል ተከፍሎ አገኙት። እሳቸው ሁልጊዜ በቀኝ ነበር የሚከፍሉት። ማበጠሪያውን አወጡ፣ አዩትና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

«ትናንት የቀረሁት፣ ነገም እንድመጣ ብዬ ነው» አሏቸው። ባለቤታቸው መናገር ባይችሉም ዓይናቸውን ከፊታቸው አልነቀሉም።

በሁለተኛው ሳምንት ከሰዓት በኋላ ተቆጠረ፤ ፌርማታውም ባለበት ጸና። ትርፉ ግን ከፌርማታው አለፈ። ያን ደብተር የፈረሙት ሰዎች ስለ ሰፈሩ ውሃና መብራት ደብዳቤ መጻፍ፣ ስብሰባ ሲጠራም መገኘት ጀመሩ። ዜጋ መሆን በምርጫ ቀን ብቻ የሚታወስ ሳይሆን የራስን መንገድ የሚነካ ወረቀት ሲለጠፍ ቆሞ ማንበብ፣ የሚያውቁትንም ለማያውቅ መንገር እንደሆነ ገባቸው።

ሽማግሌው ፌርማታው እንደሚቆይ የሚገልጸውን አዲስ ማስታወቂያ ገልብጠው ወስደው ለባለቤታቸው አነበቡላቸው፤ ከላይኛው መስመር ጀምረው፣ እስከ ታች።