አቶ እንዳለው መልሰውና የእሁዱ ክፍል

ለቀብር ከሰቆጣም ከደሃናም የመጣችሁ ወገኖቼ፣ እናታቸው እህቴ ወለተ ሰንበት ዕንባዋ አላስነብባት ስላለ፣ የአቶ እንዳለው መልሰውን የሕይወት ታሪክ የማነበው እኔ አክስታቸው አበዛሽ ነኝ፤ አዝዬ ያሳደግሁትን ልጅ አንቱ ማለት ምላሴን ቢያደናቅፈውም፣ ዛሬ የክብራቸው ቀን ነውና አንቱ እላለሁ።

አቶ እንዳለው ከአባታቸው ከአቶ መልሰው ደርቤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሰንበት በ1972 ዓ.ም. በደሃና ወረዳ ተወለዱ። ፊደል ከቄስ ዘንድ ቆጥረው፣ ሁለተኛ ደረጃን ሰቆጣ እኔ ቤት ሆነው ጨርሰው፣ በእንስሳት ጤና ሠልጥነው ሲመለሱ እልልታዬ ገበያውን በተነው ብለው ጎረቤቶቼ ዛሬም ያሙኛል። ኒሯቅ ተመድበው የአበርገሌን ላምና ፍየል ሲከትቡ ዐሥራ ምናምን ዓመት አገለገሉ፤ በ2000 ዓ.ም. መምህርት ማህደርን አግብተው እስከዳርንና ሀይሉን ወለዱ።

መጠጡም በዚያው በሥራው መጣ። ከብቱ የተከተበለት ሰው ሁሉ ጠላ ቀድቶ “እምቢ ካሉማ ንቀውናል” ይላል፤ አምስት ቤት ከከተቡ አምስት ሽክና ነው፤ ሰንበቴው አለ፣ ሰርጉ አለ፣ ተዝካሩ አለ፣ የት ሄደው ይደበቁ? ጦርነቱ ከኒሯቅ አፈናቅሎ ሰቆጣ ሲያመጣቸው ደግሞ ያረፉት እኔ ቤት ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ጠላ እየጠመቅሁ፣ አረቄ እያወጣሁ የምሸጥ ነኝ። መንገዱ ተዘግቶ፣ ሥራው ቆሞ፣ እጃቸው ጠዋት ጠዋት እየተንቀጠቀጠ “አክስቴ፣ ትንሽ ብቻ” ሲሉኝ “ጠጣ የኔ ጌታ፣ የአክስትህ እጅ አይገድልህም” እያልኩ እቀዳላቸው ነበር። ይኸን ቄሶቹም ይስሙት፣ እናንተም ስሙት። ወይዘሮ ማህደርም “ወይ እኛን ወይ ብርጭቆውን ምረጥ” ብለው ልጆቹን ይዘው ደሃና ገቡ።

ታመው ሊታከሙ በሄዱበት ዘመነ የሚባል ነርስ፣ መጠጥ የተዉ ሰዎች እሁድ እሁድ በዘጠኝ ሰዓት ጤና ጣቢያው ጀርባ እየተሰበሰቡ እንደሚደጋገፉ ነገራቸው። አቶ እንዳለው ግን ክፍሉ የቱ እንደሆነ ሰው መጠየቅ አልቻሉም፤ በዚህች ከተማ መጠየቅ ማስነገር ነዋ! ሁለት እሁድ አጥሩን ዞረው ዞረው ተመለሱ። በሦስተኛው እሁድ “ሰዎች ጠርተውኛል” ቢሉኝ “የመልሰው ልጅ ባዶ እጁን ገባ ሊሉኝ ነው? እኔ ቆሜ!” ብዬ ዐሥር ሊትር ጠላ በጀሪካን አሸከምኳቸው። የሚሄዱበትን ለእኔ መናገር አፍረው፣ ጀሪካኑን ጥለው መሄድም ፈርተው፣ ሰዎች ሲገቡ ባዩበት በር፣ መጠጥ የተዉ ሰዎች ዘንድ ጠላ ተሸክመው ገቡላችሁ።

ገና ሲገቡ አንድ ሽማግሌ “አንተ ሰውዬ፣ ፈተናችንን ከነጀሪካኑ አመጣህልን?” ሲሉ ሁሉም በሳቅ ፈረሱ አሉ፤ አቶ እንዳለውም ወጥተው ወይራው ሥር በገዛ እጃቸው አፈሰሱት። ባዶውን ይዘው ሲመጡ “ወደዱት?” ብላቸው “ጠብታ አልቀረም” አሉኝ! እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ ለሚቀጥለው ጌሾውን ጨመር አድርጌ ጠመቅሁ፤ አራት እሁድ ሙሉ ወይራውን አጠጣነው። በአምስተኛው ምስጋናዬን ራሴ ልቀበል ብዬ እንስራዬን አዝዬ ተከተልኳቸው። በሩ ጋ ስደርስ “የታሰርኩት በምወዳት አክስቴ ቤት ነው፤ ብወጣ ማደሪያ የለኝ፣ ብቀመጥ ሞቴ ነው” ሲሉ ሰማኋቸው። እንስራዬን ደጅ አስቀምጬ ገባሁና ከጎናቸው ቁጭ አልኩ።

አረቄውን በአንድ ቀን አልተውኩም፣ መተዳደሪያዬ ነበር፤ ሦስት ወር ፈጅቶብኝ ዛሬ የተልባና የሱፍ ውሃ እሸጣለሁ። እሳቸውም በፋሲካ አንድ ጊዜ ቢወድቁ በዳግም ትንሣኤ እሁድ ተመልሰው ሄዱ፤ ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አልቀመሱም፤ ወይዘሮ ማህደርና ልጆቹም ተመልሰው ቤታቸው ሞቀ።

ጉበታቸው ግን ቀድሞ ተበልቶ ኖሯል። ሐኪሙ “ቢያቆሙም ዘግይተዋል” ካላቸው በኋላ “እንግዲያው ምን ቀረህ፣ ጠጣ” ያላቸው ዘመድ አልጠፋም። ባለፈው ሳምንትም አንዱ፣ አሁን እዚህ ተቀምጧል፣ ስሙን አልጠራም፣ “ለሆድ መድኃኒት ነው” ብሎ አረቄ በብልቃጥ ይዞ መጣ። አቶ እንዳለው ሆዳቸው አብጦ፣ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው፣ መሸሻ ሳይኖራቸው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው “ልጆቼ ሲስሙኝ ይሸታቸዋል” አሉ። ትናንት ዓርብ ጠዋት በ46 ዓመታቸው አረፉ፤ እስከዳርና ሀይሉም ሳሟቸው። አልሸተታቸውም! እሰይ የኔ ልጅ!

አቶ እንዳለው አባትና እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እኔን አክስታቸውን፣ እንዲሁም ስማቸውን የማልጠራቸውን፣ በመካከላችሁ የቆሙትን የእሁድ ጓደኞቻቸውን ትተው አልፈዋል። ነገ እሁድ ነው። ክፍሉን ቀድመው የሚከፍቱት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፣ ሐዘን ላይ ብሆንም በዘጠኝ ሰዓት እከፍታለሁ። ጤና ጣቢያው ጀርባ፣ በስተግራ ሦስተኛው በር ነው፤ ማንም ማንንም እንዳይጠይቅ ብዬ ይኸው ለሁላችሁም ነገርኳችሁ።

የደከመውን የማይንቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ እህቴንም፣ ማህደርንም፣ ልጆቹንም ያጽናልን። አሜን በሉ።