የወንድሜ ሚስት በሜትሮ ጣቢያ ደረጃ ላይ ስለ መውደቋ

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ጸሐይወርቅ ሞገስ
ዕድሜ፦ 48
ሥራ፦ አረጋውያን ተንከባካቢ
አድራሻ፦ ዞተርሜር፣ ኔዘርላንድስ
ቃል የተሰጠበት፦ ሮተርዳም፣ ማርች 12 ቀን 2025
አስተርጓሚ፦ አቶ ዘአማኑኤል

ስለ ወንድሜ ሚስት ስለ እሌኒ አወዳደቅ ተጠይቄ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ በሜትሮ ባቡር ጣቢያው ደረጃ ላይ እኔ እንደገፈተርኳት የተናገረ መንገደኛ እንዳለ ተነግሮኛል። አልገፈተርኳትም። እጇን ይዤ ነበር፤ በድንገት ሰውነቷ ደረቀ፣ ዓይኗ ተገለበጠ፣ ከእጄ አምልጣ እየተንቀጠቀጠች ወደ ታች ተንከባለለች። እንዲህ ሆና አይቻት አላውቅም። እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም።

እሌኒ ወንድሜን ተካልኝን ካገባች ሁለት ዓመቷ ነው። ልጅ ስለፈለጉ፣ ባለፈው ወር ከእርግዝና በፊት ምክር ወደሚሰጥበት የመንግሥት ነፃ የቤተሰብ ምጣኔ ክሊኒክ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ደችኛ ገና አልለመደችም። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ ብቻዋን ላነጋግራት ብላ እንድወጣ ጠየቀችኝ። እኔም "እህቷ ማለት ነኝ፤ ከእኔ የምትደብቀው ምን አላት?" ብዬ ተቆጣሁ። እሌኒ አንገቷን ደፍታ "እትዬ ይቀመጡ" አለች። የምትወስጂው መድኃኒት አለ ወይ ስትባል የለም አለች፤ እኔም ያንኑ ተረጎምኩ። ለፅንስ የሚጠቅም ፎሊክ አሲድ የተባለ ቫይታሚን ታዘዘላትና ደስ ብሎን ወጣን።

ትናንት ሆስፒታል ስትነቃ ራሷ ነገረችኝ። ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ከእኛ ተደብቃ መድኃኒት ትውጥ ነበር። መድኃኒቱ ፅንስ ይጎዳል ሲባል ሰምታ፣ የምትጠይቀው ሰው አጥታ፣ በራሷ አቆመችው። ዛሬ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ደውዬ ስጠይቅ፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት በራስ ፈቃድ እንደማይቋረጥ፣ ከማርገዝ በፊት ሐኪም በሌላ ሊቀይረው እንደሚችል ነገሩኝ። ያን ቀን ከክፍሉ ብወጣ ኖሮ ትናገር ነበር።

እግሯ ተሰብሯል፤ ስለ እሱ አላነሳችም። እጄን ይዛ ደጋግማ የጠየቀችኝ "እትዬ፣ ለተካልኝ ነገሩት?" እያለች ነው። አልነገርኩትም። ተካልኝ የመንገደኛውን ወሬ ሰምቶ "ምን አድርገሻት ነው?" ብሎኝ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም። ፖሊስ ይህን ቃል ለእሱ እንዳይነግርብኝ እለምናለሁ። እሷ ፈቅዳ እስክትነግረው ድረስ ገፍትራታለች ብሎ ያስብ።

የተጻፈው በአማርኛ ተነብቦልኝ ሰምቻለሁ። ያልሆነ ነገር አልጨመርኩም፤ ሐሰት ቢገኝበት እጠየቅበታለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ጸሐይወርቅ ሞገስ
የአስተርጓሚ ፊርማ፦ ዘአማኑኤል
የመርማሪ ፖሊስ ፊርማ፦ ____________