ሳሩን የሚያሻግር ቁልፍ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆች፣ ሁለት ሰው እዚህ ሰፈራችን በሲቀላ ገበያ መሀል ተናንቆ ሲደባደብ ፖሊስ የሚጠራ አልነበረም። ቆይ እስቲ፣ አትሳቁ! አንድ ሽማግሌ ይመጣል፣ እርጥብ ሳር ነቅሎ በሁለቱ መሀል ያኖራል፣ አለቀ! ሳሩን ተሻግሮ የሚማታ የጋሞ ሰው የለም። ንዴቱ አንገቱ ጋ ቢደርስም ይቆማል። ታዲያ ይህን የምነግራችሁ ለታሪክ አይደለም፣ ስለ ጌሜ ነው የማወራው፣ ስለ ኮምፒውተር ጌሜ።

እኔ እንግዲህ ዕድሜዬን በሙሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ፣ ታውቃላችሁ። ዓይኔ ደከመና ብየዳው ሲያቅተኝ ልጄ ትርሲት አሮጌ ላፕቶፕዋን ጥላልኝ ሄደች፣ እና እኔ ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩበት። ትርሲት ላይኛው ሰፈር ሴቻ ቢሮ ነው የምትሠራው፣ ታዲያ ምን አለችኝ? «አባዬ፣ እኩዮችህ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ አንተ ጌም ትሠራለህ? ሰው ምን ይላል?» «ሰው ተናግሮ ተናግሮ ይደክመዋል፣ እኔ ግን አልደክምም» አልኳት።

የጌሙ ስም እንደ ሐይቃችን «ጫሞ» ነው። ሁለት ጀልባ አለ፣ መረብ አለ፣ ቆሮሶ የሚባለው አሳ አለ፣ አዞ አለ፣ እና ጀልባዎቹ አሳ በሚበዛበት ቦታ ይጣላሉ። ኮዱን ኢንተርኔት ላይ ክፍት አድርጌ አስቀመጥኩት። የፈለገ ያንብበው፣ የፈለገ ይውሰደው፣ ያሻሻለ ካለ ደግሞ ይላክልኝ። እና ምን ሆነ መሰላችሁ? ቋንቋዋን የማላውቀው፣ የት አገር እንዳለች እንኳ የማላውቃት ሴት የአዞውን ጅራት አስተካክላ ላከችልኝ! እኔ ስሠራው ጅራቱ እንደ መጥረጊያ ነበር የሚወዛወዘው። አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው፣ ለአዞ ጅራት አለቀስኩ።

ከሁሉ በላይ የረዳኝ ግን ዮናስ የሚባል የአዲስ አበባ ሰው ነው። ፊቱን አይቼው አላውቅም፣ በስልክ ነው የምንገናኘው፣ ግን ከኮዱ ግማሹ የእሱ እጅ ነው። ታዲያ አንድ ቀን እኔ ሳሩን ጨመርኩበት። ጀልባዎቹ ሲዋጉ ሽማግሌ በታንኳ ይመጣሉ፣ እርጥብ ሳር መሀላቸው ያኖራሉ፣ ውጊያው ይቆማል፣ ሁለቱም ዳር ወጥተው አሳውን ይካፈላሉ። ወዲያው አቤቱታ ጎረፈ! «ጌሙ ይቆማል!» «ላሸንፍ ስል ቀጥ አለብኝ!» «ስህተት ነው፣ ይታረም!» ዮናስም ደወለ።

«ጋሼ፣ ሳሩን እናውጣው።»

«ለምን?»

«ተጫዋች እየሸሸን ነው። ደግሞ እዚህ ትልቅ የጌም ትርኢት አለ፣ የእኛን ሊያሳዩልን ፈቅደዋል፣ ግን መሀል ላይ የሚቆም ጌም አንፈልግም ብለዋል።»

«አላወጣም!»

«እሺ፣ አያውጡት። ግን ማሸነፍ ለሚፈልግ ሰው አንዲት የመሻገሪያ ቁልፍ እንስጠው። ያልፈለገ አይጫናትም።»

እና እኔ... አልዋሻችሁም፣ ትርኢቱን ፈለግኩት። ዕድሜዬን በሙሉ የሰው ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ የራሴ የምለው ነገር ሕዝብ ፊት ሊቆም ነው! ልቤ ሸፈተ፣ ቁልፏን ሠራኋት።

ከዚያ ላፕቶፔን አቅፌ በባጃጅ ጫሞ ዳር ወረድኩ፣ ሻንካን ላሳየው። ሻንካ አሳ አጥማጅ ነው፣ እኩያዬ ነው፣ ጀልባውን በትክክል መሥራቴን የሚነግረኝ እሱ ነው። ታዲያ ተቀመጠ፣ መነጽሬን ተዋሰኝ፣ ተጫወተ፣ ሳቀ፣ አዞውን ሰደበ፣ ከሌላው ጀልባ ጋር ተጣላ፣ ሳሩ መጣ። «እሰይ!» አለ። ከዚያ ጣቱ ያቺን ቁልፍ ነካ፣ እና ጀልባው ሳሩን ረግጦ አለፈ!

ሻንካ ብድግ አለ። ትኩስ ብረት እንደነካ ሰው እጁን ሰበሰበ።

«ዳና፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁልፍ ነው፣ ለፈለገ ሰው ብቻ...»

«እኔን ሳር አስረገጥከኝ?»

«ጌም እኮ ነው፣ ሻንካ!»

«ጌም ነው? ታዲያ አዞው ለምን ይናከሳል? ጀልባው ለምን ይሰምጣል? ሌላው ሁሉ እውነት እንዲመስል ስትለፋ ከርመህ፣ ሳሩ ላይ ስትደርስ ነው ጌም የሆነው?»

ላፕቶፔን ዘግቼ ተነሳሁ። አፈርኩ፣ ልጆች፣ ሲቀላ እስክደርስ ባጃጁ ውስጥ ፊቴ ይነድ ነበር። ቤት ገባሁና ምሳ እንኳ ሳልበላ ቁልፏን ከኮዱ ነቅዬ ጣልኳት፣ ለዮናስም ደወልኩ።

«ቁልፏን አውጥቻታለሁ።»

«ጋሼ፣ ትርኢቱስ?»

«ይቅር!»

«ሰው ምርጫ ይኑረው ነው ያልኩት፣ ምን ክፋት አለው?»

«ሌላ ምርጫ የፈለግከውን ያህል ስጠው! የጀልባውን ቀለም ይምረጥ፣ መረቡን ይምረጥ! ይህን ግን በእኔ እጅ አልሰጥም።»

 ከዚያ ቀስ ብሎ «እንግዲያው ኮዱን ወስጄ የራሴን እሠራለሁ» አለኝ።

«ውሰድ! ክፍት ነው ብያለሁ እኮ፣ ክፍት ማለት ለሚስማማኝ ሰው ብቻ ማለት አይደለም። ግን ጫሞ ብለህ እንዳትጠራው። ሽማግሌውንም አውጣቸው፣ ሳራቸው ሲረገጥ ቆመው አያዩም።»

ወሰደ። ስሙን ለወጠ፣ ሽማግሌውን አወጣ፣ እና ትርኢቱ ላይ የታየው የእሱ ሆነ። ትርሲት ደሟ ፈላ፣ «ሰረቀህ አባዬ! ክሰሰው!» አለችኝ። ምን ብዬ ነው የምከሰው? የሰጠሁትን ወሰደብኝ ብዬ? ቆጭቶኛል? አዎ፣ ቆጭቶኛል! የእሱን ብዙ ሰው ይጫወተዋል፣ የእኔን ጥቂት ሰው። ግን ስሙኝ፣ ዛሬም «ጌሙ ይቆማል፣ አስተካክል» ብሎ የሚጽፍልኝ አለ፣ መልሴም አንድ ነው። «አዎ፣ ይቆማል። እንዲቆም አድርጌ ነው የሠራሁት። ካልተስማማህ ኮዱ ያውልህ!»

(እዚህ ላይ ከአድማጮቹ አንዷ ተማሪ፣ «ጋሽ ዳና፣ ዮናስ ተመልሶ አብረን እንሥራ ቢልዎትስ?» ብላ ጠየቀቻቸው።)

በደስታ ነዋ! እጁ ወርቅ ነው፣ ደግሞም ናፍቆኛል። በሩ ክፍት ነው፣ ይግባ። ያቺን ቁልፍ ይዞ ከመጣ ግን ራሴ ሳር ነቅዬ ደጄ ላይ አኖራለሁ፣ ከዚያ እስቲ ይሻገር!

(ጋሽ ዳና ሳቁ፣ እኛም ሳቅን።)